ትኩሳቱ የለቀቀ ቀን

የባለቤቴ የዳዊት ሕመም የጀመረው ከዓይኑ ኋላ ነው። ከባንኮክ ሽርሽር በተመለስን ማግስት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ሬክስዴል ሰፈር ባለው አፓርትማችን፣ «ዓይኔን ከውስጥ የሚገፋኝ ነገር አለ» አለኝ። ሳይመሽ ሰውነቱ ነደደ። አጥንቱን የሰበሩት ያህል ያቃስት ጀመር።

ዳዊት አርባ ምንጭ ነው ያደገው። ስለ ወባ ሲያወራ የሥጋ ዘመዱ ነው የምትመስለው። ባንኮክ ሳለን ሲመሽ ረጅም እጅጌ ይለብሳል፣ የትንኝ መከላከያ ይቀባል፣ «አጎበር ካልተዘረጋ አልተኛም» እያለ የሆቴሉን ሰዎች ያስጨንቃል። ቀን ግን በቁምጣ ነው። ገበያውንና የቦዩን ዳር እየዞረ ፎቶ ያነሣል። «የወባ ትንኝ ቀን አትነክስም» ይለኛል። ልክ ነው፣ አትነክስም። ቀን የምትነክስ ሌላ ትንኝ እንዳለች ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

ሆስፒታል ደርሰን ከእስያ መምጣታችንን እንደተናገርኩ ለብቻው ክፍል አስገቡት። የማይከፈት መስኮት። ድርብ በር። ያለ ጭምብል መግባት ክልክል። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ አልተገኘበትም።

«ዴንጊ ነው» አለችን ሐኪሟ። «ቀን የምትነክስ ትንኝ የምታመጣው ትኩሳት ነው። ማጥፊያ መድኃኒት የለውም። ፈሳሽ እየሰጠን እንከታተለዋለን። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን እንዳይነካ፤ ያደማዋል።»

ዴንጊ ከሰው ወደ ሰው ባይተላለፍም፣ ለተላላፊ በሽታዎች የተወሰደው ሌላው ምርመራ እስኪመለስ በሩ አልተከፈተልንም። እሱ በክፍሉ ታሰረ፣ እኔ በእሱ።

አንድ ጠዋት አንሶላው በላብ ርሶ፣ ግንባሩ ቀዝቅዞ አገኘሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እኛ ዘንድ ወባ የያዘው ሰው ላብ ካጠመቀው ተረፈ ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሽ በቀለ ደወልኩላቸው።

«ተመስገን! ላቡ ከወጣለትማ ዳነ በይኛ! ቤቱ አስገቢውና ሾርባ ስጪው» አሉኝ።

ዳዊትም ካልሲውን መፈለግ ጀመረ። «ኦልሬዲ ድኛለሁ፤ ዲስቻርጅ ያድርጉኝ» አለ።

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆመች። «አደገኛው ጊዜ ገና አሁን ጀመረ» አለች። «በዴንጊ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው ፈሳሹ ከደም ሥር እየሾለከ የሚወጣው።»

ተናደድኩባት። ለእልህ ያሰረችን መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሆዱን ቆረጠው። ድዱ ደማ። ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱ አሽቆለቆለ። የደም ግፊቱ ወረደ። እጁ በረዶ ሆነ። ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ነርሶቹ ገቡ። እኔን አስወጡኝ። በሩ ተዘጋ።

ጠዋት «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ክፍል አውጣልኝ» ስል ያረፈድኩት ሴት፣ «እዚያው አቆይልኝ» ብዬ ጸለይኩ።

ቆየልኝ። ፈሳሹ ያዘለት፣ ግፊቱ ተመለሰ፣ ፕላትሌቱም ቀስ በቀስ ወጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ እስከ መስኮቱ ተራምዶ፣ ታች መኪናውን ከበረዶ ለማውጣት የሚታገለውን ሰው አይቶ የሳቀ ቀን፣ እኔ ጎኑ ቆሜ አለቀስኩ። ቤት ከገባን በኋላም ድካሙ ለወራት አለቀቀውም፣ ፀጉሩም ረገፈ፤ እኔ ግን ራሰ በራውንም ቢሆን አመስግኜ ተቀበልኩት። ሐኪሟን በልቤ ረግሜያት ነበር። እግዚአብሔር ቤቷን ይባርክ።

ወደ ባንኮክ ለምትሄዱ፦ የትንኝ መከላከያውን ጠዋትም ተቀቡ፣ ቁምጣውን ተዉት። ተመልሳችሁ ካተኮሳችሁ፣ የት እንደነበራችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ዴንጊ ከተባላችሁ ደግሞ፣ ትኩሳቱ ለቀቀ ብላችሁ ከሐኪም አትራቁ።

እኔ አመል ሆኖብኛል። ዳዊትን ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገው ግንባሩን እነካለሁ። ቀዝቅዞ ካገኘሁት ቀስቅሼ አስለፈልፈዋለሁ። ይቆጣል። ይቆጣ።