ሰባት ንግሥት ባንድ ሰሌዳ

ባለፈው ሳምንት ወረታ መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ቼዝ ከፈትሁ። ጨዋታ አልነበረም። አንድ የቆየ አሰላለፍ ደርድሬ ቼዝ ለሚመረምር ፕሮግራም መስጠቴ ነው፤ ስበሳጭም ሲሰለቸኝም የማደርገው እሱኑ ነው። ከጎኔ የተቀመጠ ሰውየ አንገቱን አሰገገ።

«አንች፣ ይኸ ሁሉ ንግሥት ከየት መጣ?»

«ከወታደር። መጨረሻው መስመር የደረሰ ወታደር ንግሥት ይሆናል፤» አልሁና ስልኬን አዞርሁበት። ያን አሰላለፍ ከማንም ጋር ማየት አልፈልግም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወሩ ኅዳር፤ የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶለት ሩዝ የሚታጨድበት ጊዜ። ከተማው ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። ትምህርት ቤት የምንገባው አስፋልቱ ዳር ሸራ ላይ የተሰጣ ሩዝ እየዘለልን ነበር። የቼዝ ክበባችን ለዞን ውድድር ደብረ ታቦር የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተጣርተን የቀረነው ሁለት፤ እኔና ጌትነት።

ጌትነትን አልወደውም፤ እሱም እኔን። ከቁሐር ሚካኤል በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር የገበሬ ልጅ ነበር፤ ዝምታው ንቀት ይመስለኛል። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ፣ አፌ አያርፍም። አንድ ቀን «ይች ከእጇ ይልቅ ምላሷ ይጫወታል» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አስቆብኛል። አልረሳሁለትም።

ስለዚህ በመጨረሻው ጨዋታ ማሸነፍ እየቻልሁ አላሸነፍሁም። ላዋርደው ፈለግሁ። ንጉሡን ትቼ ወታደሮቼን አንድ በአንድ ወደ ንግሥትነት እነዳ ጀመር። የክበቡ ሰሌዳ ለያንዳንዳችን ያለው አንድ ንግሥት ስለሆነ፣ በትርፎቹ ምትክ ቆርኪ ነው የምናስቀምጠው፤ ለኔ ለነጭ የለስላሳ፣ ለሱ ለጥቁር የቢራ። ሦስተኛውን ቆርኪየን ጠብ አድርጌ አስቀመጥሁና፣

«ቁጠር» አልሁት።

«እየቆጠርሁ ነው። አንች ስትኮሪ የኔዎችም ተሻግረዋል።»

አየሁ። እውነቱን ነው። ሁለት የቢራ ቆርኪ ጥግ ላይ ቆመዋል። አራት የኔ፣ ሦስት የሱ፤ ሰባት ንግሥት ባንድ ሰሌዳ ተፋጠጡ። እኔ ተጫውቼ ስጨርስ ደወሉ ተደወለ፤ ዘበኛው ክፍሉን ሊዘጋ ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ።

የክበቡ ኃላፊ መምህር አስማረ ሰዓታቸውን አዩ። «ነገ ጧት ስም መላክ አለብኝ። አሰላለፉን ሣሉትና ኮምፒውተር ይፍረድ» አሉ። በየደብተራችን ሣልነው። ማን ቀጥሎ እንደሚጫወት ግን አንዳችንም አልጻፍንም። ጌትነት ደብተሩን ጉያው ከትቶ ወደ አጨዳው ሮጠ።

እኔ በቀጥታ ዘውዱ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ዘውዱ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቼዝ የሚመረምር ፕሮግራም ነበረው። ሰባቱንም ደረደርንና ለነጭ ተራ ሰጠነው። ነጭ በአራት እርምጃ ታሸንፋለች አለ። ደስ አለኝ። ዘውዱ ግን ነካካና ተራውን ለጥቁር ሰጠው። ጥቁር በሁለት እርምጃ ያሸንፋል አለ።

«አየሽ፣» አለኝ፣ «ይኸን ያህል ንግሥት ባለበት ቀድሞ የተነሣ ነው የሚገድል። ተራው የማን ነበር?»

«የኔ።»

ሳላስበው ነው ያልሁት። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ቀለለኝ። የነጩን አሳትሜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጧት ወረቀቱን ለመምህር አስማረ ሰጠኋቸው። ጌትነት አጠገቤ ቆሟል፤ ጣቱን ማጭድ ቆርጦት በጨርቅ አስሮታል።

«ተራው የማን ነበር?» አሉ።

«የኔ» አልሁ።

«ውሸቷን ነው መምህር። እሷ ተጫውታ ነው የተደወለ።»

«ማስረጃ አለህ?»

«እኔ ማጭድ ይዤ ሳመሽ እሷ ወረቀት ስታሳትም አመሸች። ምን ማስረጃ አመጣለሁ? ዓይኗን እያዩ ይጠይቋት።»

ጠየቁኝ። ዓይናቸውን እያየሁ «የኔ ነበር» አልሁ። ስሜን ጻፉ።

ደብረ ታቦር ሄጄ አንድ አሸንፌ ሁለት ተሸንፌ ተመለስሁ፤ ብርዱን እንጂ ጨዋታውን አላስታውሰውም። ጌትነት ክበቡን ተወ። ዓመቱን ሙሉ በር ላይ በተገናኘን ቁጥር ገለል ይልና፣ «እለፊ፤ ተራው ያንች ነው» ይለኝ ነበር። ሰው ባለበትም፣ በሌለበትም። ባለፍሁ ቁጥር ጆሮየ ይግላል።

አሁን ቁሐር የራሱን ሩዝ ያርሳል። ገበያ ላይ እንተያያለን፤ ሰላም አይለኝም፣ እኔም አልለውም። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። በሱ ቦታ ብሆን አልቀበልም ነበር፤ ስለዚህ ምን አስለመነኝ።

መናኸሪያው ላይ ተራውን ለጥቁር ሰጠሁት። ስልኬ ከዘውዱ ኮምፒውተር ይፈጥናል፤ መልሱ ግን ያው ነው፣ በሁለት እርምጃ። ለዓመታት ራሴን ሳባብልበት የኖርሁበት አንድ ነገር አለ፤ ጌትነት ያን እርምጃ ላያየው ይችል ነበር። ማሽኑ ምርጡን ያውቃል እንጂ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ምናልባት ይስት ነበር፤ ምናልባት ሳልዋሽ እሄድ ነበር። እጁን ዘርግቶ እንዲሞክር ብተወው ኖሮ ሁለታችንም እናውቀው ነበር። አሁን ማንም አያውቀውም።