ያልታጠቡት እንቁላሎች

ጠዋት ከሱሉልታ የተነሳሁት ለጫጩቶቼ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ሁለት ዙር የተፈለፈሉት እምብርታቸው እያበጠ ሳምንት ሳይሞላቸው አለቁብኝ። አሁን ደግሞ ገብስማዋ ዶሮዬ ካልታቀፍኩ ብላ ጎጆዋን አልለቅ ብላለች። ልጄን ሰላምን፣ «ማታ ስለምናስታቅፋት እንቁላሎቹን ለብ ባለ ውሃ እጠቢያቸው» ብያት ወጣሁ። ከቆሸሸ እንቁላል ጤነኛ ጫጩት አይወጣም ባይ ነኝ።

የእንጦጦ ቁልቁለት

ታክሲ ውስጥ ለታላቅ እህቴ የያዝኩትን እንቁላል ጭድ ውስጥ ቀብሬ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ወያላው አየኝና፣ «ማዘር፣ ታቅፈው ነው እንዴ? ፒያሳ ሳንደርስ እንዳይፈለፈሉ!» አለ። ከተሳፋሪው ጋር አብሬ ሳቅሁ።

ፒያሳ

እህቴ እትዬ ብርቄ ምኒልክ አደባባይ ጠበቀችኝ። የማውቃቸው ሱቆች ጠፍተው ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ እሷ ባትመራኝ እጠፋ ነበር። ጊዮርጊስን ከደጅ ተሳልመን፣ ማኪያቶ በቦምቦሊኖ ጋብዛኝ፣ ወደምታውቀው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ወሰደችኝ።

ባንኮኒው ላይ የቆመችው ወጣት ሐኪም ታሪኬን እየሰማች ሳለ እትዬ ብርቄ ስጦታዋን ከፈተች።

«አንቺ፣ ይሄ እንቁላል ነው የታክሲ መስታወት? እንዴት ነው የሚያበራው!»

ሐኪሟ አንዱን አንስታ አገላበጠችው። «እናቴ፣ የሚያስታቅፉትንም እንዲህ ያጥባሉ?»

«በደንብ ነዋ!» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እንግዲህ አይጠቡት። ቅርፊቱ ላይ ስስ ሽፋን አለ። እሱ ውስጥም፣ ነጩ ውስጥም ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ አንዱ ላይሶዛይም ይባላል። እናትየዋ ለጫጩቷ የቋጠረችላት ስንቅ በሉት። ሲታጠብ ሽፋኑ ይለቅና ጀርሙ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይገባል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ላልታመመ ዶሮ አልሸጥልዎትም። ጎጆውን ንጹሕ ያድርጉት፤ ሲጀመርም ያልቆሸሸውን ይምረጡ። እንደገና ከታመሙ አንዱን ይዘውልኝ ይምጡ። እነዚህን ግን ቶሎ ይብሏቸው።»

«እሱን ለእኔ ተዪው!» አለች እትዬ ብርቄ።

እኔ ግን ቤት የቀሩት እንቁላሎች ትዝ ብለውኝ ስልኬን አወጣሁ።

«ሰላምዬ፣ አጠብሻቸው?»

«እማ፣ እንዳትቆጪ። እንደወጣሽ ውሃ ጠፋ። የጀሪካኑንም ለወጥ ጨረስኩት።»

«እልልል! ውሃ ጠፍቷል!»

እትዬ ብርቄ ለወረፋው ሁሉ፣ «ውሃ ጠፋ ብላ እልል የምትል ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች።

ቤት

ማታ ከሰላም ጋር ጎጆው ላይ አዲስ ጭድ አነጠፍን። ንጹሕ ንጹሑን መርጠን፣ ውሃ ሳናስነካ ለገብስማዋ አስታቀፍናት። መድኃኒት ቤት ሄጄ ባዶ እጄን መመለሴ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሐኪሟን ሳመሰግን አመሸሁ። ስንት ዘመን በእጄ ስፈትግ የኖርኩት ለካ እናታቸው ያለበሰቻቸውን ነው።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ሳምንት ሲያልፋቸው እያነሳሁ እምብርታቸውን አየሁ። ደርቋል። ለእትዬ ብርቄ ደወልኩላት።

«እህ? ተረፉ?»

ስልኩን ጫጩቶቹ ወደሚንጫጩበት ጎጆ አፍ አስጠጋሁላት።