የሃይብሪዱ ደብተር እና የአባቴ እጅ

ደብተሬ ሊባዛ ነው። ዛሬ ጠዋት የቴክኒክ ኮሌጁ የአውቶ መምህር አባቴ ጋራዥ ድረስ መጥተው፣ «ልጅህ በአማርኛ የጻፈችውን አባዝቼ ለተማሪዎቼ ልሰጥ ነው» አሉት። እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን የምከትበት አጣሁ። አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ የጻፍኩት ነገር ከመማሪያ ክፍል ውጭ ተነቦ አያውቅም።

ደስታዬን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ብዕሩ የሚሄደው ግን ወደ ፍርሃቴ ነው። ያ ደብተር መጀመሪያ ሲጻፍ አንድ ስህተት ነበረበት፤ ስህተቱም አባቴን ሊገድለው ነበር።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዕድሜውን የናፍጣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። የጭነት መኪና ገና ከበር ሲገባ በድምፁ ብቻ ሕመሙን ይነግራችኋል። በነዳጅም በባትሪም የሚሠራው ሃይብሪድ መኪና ግን በባትሪ ሲሄድ ድምፅ የለውም። ስለዚህ አባቴን በአራተኛ ክፍል ያስተማሩት ጡረተኛ መምህርት ከአምበር ከተማ ሃይብሪዳቸውን እየነዱ ሲመጡ፣ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ቀይ ሦስት ማዕዘን ይበራብኛል» አሉ መምህርቷ። «ከዚያ ዳገት ላይ እግሩ ይያዛል። ልጆቼ ገዝተው ሲሰጡኝ እንዲህ አላሉኝም።»

አባቴ የመመርመሪያ ስካነሩን ሰካ። የባትሪው መቆጣጠሪያ ሞጁል፣ ማለትም ባትሪውን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ የውስጥ ብልሽት አለበት የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ራሱ ሞጁሉ ሞቷል ማለት ነው» አለ።

የጥገና መመሪያው ስልኬ ላይ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። የአባቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ከመለዋወጫ ስም አያልፍም። «እጄ ቅባት ነው፤ በአማርኛ ጻፊና መስኮቱ ላይ ለጥፊልኝ» አለኝ። እየተረጎምኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። መመሪያው ሞጁሉን ከመቀየራችሁ በፊት የሚደርሰውን ኤሌክትሪክና ሶኬቱን ፈትሹ ይላል፤ ኤሌክትሪክ በደንብ ካልደረሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታምሜያለሁ ሊል ይችላል።

«እንደ ፈራ ተማሪ ነዋ» አሉ መምህርቷ። «ያላጠፋውን አጥፍቻለሁ ይላል።»

ሶኬቱ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከትልቁ ባትሪ ጎን ነው። እዚያ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ብርቱካናማ ወፍራም ገመዶች አሉ። መጀመሪያ የባትሪው ማቋረጫ መሰኪያ ይነቀላል። ቢነቀልም ግን በመኪናው ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪጠፋ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ይሄ ማስጠንቀቂያ ገጹ ግርጌ ላይ፣ በሳጥን ውስጥ ነበር። እኔም እንደ ተጨማሪ ማስታወሻ ቆጥሬ ከሁሉም መጨረሻ ጻፍኩትና ገጹን ገንጥዬ የመኪናው መስኮት ላይ ለጠፍኩት።

አባቴ በጎማ ጓንት መሰኪያውን ነቀለና ኪሱ ከተተው። ክዳኑን ፈታ። አንዲት ብሎን ከጓንቱ ስታመልጥ የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀና ወደ ውስጥ ጎንበስ አለ። እኔ በዚያ ሰዓት የእጅ ጽሑፌ አምሮ እንደሆነ መስኮቱ ላይ እያየሁ ነበር። ዓይኔ የመጨረሻው መስመር ላይ አረፈ።

«አባዬ፣ እጅህን አንሳ።»

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። እጁ ባለበት ቆመ፤ ከገመዱ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ምን ሆንሽ?»

«ገና ነው። አሥር ደቂቃ መጠበቅ አለብህ። እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ፤ መጨረሻ ላይ ጻፍኩት።»

እጁን ቀስ ብሎ አወጣና አገላብጦ አየው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ሰባቱን እንጫወታለና» ብሎ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።  እኔ ስልኬን በየአፍታው አያለሁ፤ ቁጥሩ አልቀየርም ይላል።

አባቴ የመኪናውን ምንጣፍ አየና ወደ መምህርቷ ዞረ። «እትዬ፣ እዚህ ወንበር ላይ ውሃ ፈሶ ነበር?»

«ውሃማ አልፈሰሰም።»

«ታዲያ ምንጣፉን ምን አራሰው?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጠበል ነው። ከዲማ ገዳም ያመጣሁት ጀሪካን ትንሽ አፍስሶ ነበር። ጠበል መኪና አያበላሽም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ጠበሉማ ምን አደረገ፣ እትዬ» አለ አባቴ ፈገግ ሳይል። «ጥፋቱ የጀሪካኑ ክዳን ነው።»

«እንደሱ በል። አራተኛ ክፍል ሳለህም መልስ አታጣም።»

አሥር ደቂቃው ሲሞላ ሌላ ሁለት እንዲጨምር ለመንኩት። ጨመረ። ሁለቱንም ጓንት አጥልቆ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጦ ገባ። ጠበሉ የደረሰበት የሞጁሉ ሶኬት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ነበር፤ ሞጁሉ አልሞተም። ጠርጎ፣ አድርቆ መልሶ ሰክቶት የባትሪውን ማቋረጫ ቦታው ሲመልስ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ጠፋ። መምህርቷ ደብረ ኤልያስ ደርሰው ተመለሱ፤ አልበራም። እኔ ግን ለቀናት ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ጓንት የሌለው እጅ ነበር።

የተለጠፈውን ገጽ ቀድጄ ጥዬ ደብተሬ ላይ እንደገና ጻፍኩት። መጠበቁን ከክዳኑ በፊት፣ በቀይ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አላመንኩትም። አባቴ፣ «የራስሽን ስህተት ራስሽ አታዪውም፤ ሌላ ሰው ይየው» ብሎ ለአውቶ መምህሩ የሰጠው ለዚህ ነው።

መምህሩም ያው ሐሳብ አላቸው። ከመባዛቱ በፊት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የኮሌጁን ወርክሾፕ ክፍት ያደርጋሉ፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ይምጣ ብለዋል። ግብዣው ለእናንተም ነው። ስለ መኪና ማወቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም የማያውቅ ሰው ቶሎ ግራ ይገባዋልና እሱ ይሻለኛል። እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ያልገባችሁ መስመር ሥር አስምሩበት፤ ተማሪዎቹ እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት አስተካክለዋለሁ።