ያልተቆረጠው መስመር

እናቴ ውጫሌ አጠገብ ካለ መንደር ብቻዋን ትኖራለች፤ እኔ ሐይቅ ከተማ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። አምና ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ስትወድቅ ሐኪሙ የልብ ምቷን ተከታተሉ አለን። ዐረብ አገር ያለችው እህቴ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ላከች። ሰዓቱ ያየውን ለእናቴ ስልክ ይሰጣል፤ የእሷ ስልክ ደግሞ ለእኔ ያደርሳል። ልቧ ደኅና ከሆነ ስልኬ ላይ የሚሄደው መስመር አረንጓዴ ነው፤ ካልሆነ ቀይ ይሆናል።

እሷን ነገሩ አልጣማትም። «አሁንስ ልጅ ሳይሆን ሰላይ ነው የወለድሁት» ትላለች። ቢሆንም አሰረችው።

የተጣላነው በውዱእ ነው። ለሰላት ስትታጠብ ውሃው ማሰሪያው ሥር ያለውን ቆዳ ካልነካ ውዱኡ አይሆንም፤ ስለዚህ በቀን አምስት ጊዜ ታወልቀዋለች። አውልቃም አንዳንዴ ትረሳዋለች። መስመሩ አምስት ቦታ እየተቆረጠ ይመጣልኛል። እደውላለሁ።

«እማ፣ ውሃ አይገባውም እኮ። ትንሽ ፈቀቅ ብታደርጊው ይበቃል።»

«እሱን አይግባው፤ እኔን ግን ይንካኝ እንጂ።»

እልኸኛ ናት። እኔም ከሌላ ቤት አልመጣሁም፤ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ በዚሁ ነገር እንነታረክ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ አለፈ፤ መስመሩ አልተቆረጠም። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላትም አለፈ፤ ያው ነው። ምቷ ፈጠን ብሏል እንጂ አረንጓዴ ነው። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አሸነፍኋት አልሁ። አብራኝ ለምትሠራው ልጅ ሳይቀር ስልኬን አሳይቼ «በስንት ጭቅጭቅ ሰማችኝ» አልኋት። ልደውል ቃጥቶኝ ነበር፤ እልኋን ቀስቅሼ ደግሞ ታውልቀው ወይ ብዬ ተውሁት። መድኃኒት ስሸጥ ዋልሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ጎረቤቷ ደወለች። ከገበያ ስትመለስ እናቴን ጓሮ ወድቃ አገኘቻት። ለዙህር ውዱእ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሯል። ስልኳ ቤት ውስጥ፣ የመንደሩ ሰው ገበያ፤ ብትጣራ ማን ይስማት። አንድ እጇ ከሥሯ ስለዋለ በውሃው ፈንታ በሌላው አፈር ዳስሳ፣ ፊቷን አብሳ፣ ሁለቱንም ሰላት እንደተጋደመች ሰግዳለች። ልቧ ምንም አልሆነም። ሰዓቱ የተጠየቀው ስለ ልቧ ነው፤ እሱንም በትክክል መልሷል።

ደሴ ወስደን አሳከምናት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ መናገር ስትችል፣ አጠገቧ ተቀምጬ ፈርታ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ምን ያስፈራኛል» አለች። «ትመጣለች እያልሁ የጓሮውን በር አይ ነበር። እኔ ሰላቴን እንደማልተው ታውቂያለሽ። ሰዓቱ ሳይወልቅ ሲቀር ይገባታል፣ አሁን ትደርሳለች አልሁ።»

አፈርሁ። ዐይኗን ማየት አቃተኝ። የአልጋውን ልብስ እያስተካከልሁ «ኔትወርክ አልነበረም» አልኋት።

እጄን ያዘችኝ። «ምን ታደርጊ ልጄ» አለች እየደባበሰችኝ፤ «ይሄን ኔትወርክ አላህ ይይለት።»