እትዬ በቅጠል የሸጠችውን ስትሰበስብ

ከሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ መቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ገመድ፣ ቀለም፣ ሚስማር፣ የሞተር ዘይት፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ አንዳንዴም ብስኩት ይሸጥባታል። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ በቅጠል እንላታለን። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ከአፏ ስለማይለይ በዚያው ቀረ። «እንደምን አደርሽ» ስትላት «ደህና፣ ለመሆኑ ቤትህ እሳት ማጥፊያ አለህ?» ትልሃለች። የለኝም ያልክ እንደሆነ አለቀልህ።

እንዲህ የሆነችው ያለ ነገር አይደለም። ባሏ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መቆሚያው ላይ የታሰረ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሞተር ሲፈታ ነዳጅ ፈሰሰና እሳት ተነሣ። ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ሮጠ፤ ውኃው እንደሆነ እግራችን ሥር ነው። ነዳጅ ግን ውኃ ሲደፉበት ተንሳፍፎ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። እሳቱ በሐይቁ ላይ ተንሸራቶ ወደሚቀጥለው ጀልባ ተሻገረ። ሁለቱም ጀልባዎች አመድ ሆኑ። ሰው አልሞተም፤ የባሏ ግራ እጅ ግን ተቃጠለ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። እሷን ከሁሉ ይልቅ የቆጫት ያ ሁሉ ሰው በባልዲ እሳቱን ሲያባብሰው ቆማ ማየቷ ነበር። ባሏ ድኖ ከአልጋ ሲነሣ እሷ ከአስመጪ ጋር ተነጋግራ ቀያዮቹን የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሮች ሱቋ ውስጥ ደርድራ ጠበቀችው።

ከዚያማ ማን ይቻላት። ሱቋ ቁጭ ብላ ገዢ የምትጠብቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፋ በየቤቱ ትዞር ነበር። ልብስ ሰፊው «ገዝቼ ልገላገላት» ብሎ ገዛ። ፀጉር አስተካካዩም እንደዚያው። እኔም ብሆን የገዛሁት እሳት ፈርቼ ሳይሆን እሷን ፈርቼ ነው።

እምቢ ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የገዛ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ሰው የሚያሻግር ጀልባ ስላለው ሰው ሁሉ ካፒቴን ይለዋል።

«እትዬ፣ ሐይቅ ላይ እየዋልኩ ውኃ ልግዛ?» አላት እየሳቀ።

«ውኃ አይደለም፣ ዱቄት ነው።»

አልሰማትም። ደጋግማ ለመነችው፤ እሱ ጀልባውን እስከ አፉ በሰው እየሞላ መሄዱን ቀጠለ። በመጨረሻ ወደብ ቢሮ ሄዳ፣ ዋርሳዋ ያለ እሳት ማጥፊያ ሰው እንደሚጭን ተናገረች። ጀልባው ታገደ። ካፒቴን ሚስቱን ልኮ ከዚያችው ሱቅ አንድ አስገዛ፤ ጀልባውም ተለቀቀ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። እሷንማ እትዬ ማለቱን ትቶ «ያቺ ሴትዮ» ነበር የሚላት። ባሏ በዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሷት አያውቅም። የእሱ ዝምታ ከወቀሳ ይብስባት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አስመጪው ስልክ ደወለ።

«እነዚያን ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያላቸውን እሳት ማጥፊያዎች ያስታውሷቸዋል?»

«ሌላ ምን ሸጬ አውቅና ነው የማላስታውሰው?»

«እንዲመለሱ ተብሏል። አንዳንዶቹ ውስጣቸው ተደፍኖ እምቢ ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሲጨመቁ አፋቸው ተፈናጥሮ ይወጣል። ፋብሪካው በነፃ ምትክ ልኳል፣ በመኪና ይደርስዎታል። እርስዎ በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፉ። ያመጣ ይቀየርለታል፣ ያላመጣ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«አንዳንዶቹ ማለት የትኞቹ?»

«እሱ አይታወቅም። ላዩን አይቶ የሚለይ የለም።»

ስልኩን ዘጋችና ለባሏ ነገረችው። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያጓራበት የኖረ ጆሮ ስለሆነ ሁለቴ መናገር ነበረባት። ሰምቶ ሲያበቃ ትንሽ አሰበና «እንግዲያ የጋሪውን ጎማ ላስተካክለው» ብሎ ወጣ።

ማስታወቂያውን ለጠፈችው። ግን «ስሸጥ በየቤቱ ዞሬ፣ ስመልስ ወንበር ላይ ቁጭ ልበል?» አለች። ደረሰኝ ያስቀመጠ ገዢ አልነበረም፤ እሷ ግን ማን እንደገዛ በቃሏ ታውቀዋለች። ምትኮቹ በመጡ ማግስት በመጀመሪያ የራሷን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረውን አውርዳ ጋሪው ላይ አጋደመችው። ከዚያ ባል እየገፋ፣ ሚስት እየመራች ተነሡ።

ሰው የገዛውን ዕቃ ምን እንደሚያደርገው ያኔ ነው የታየው። ልብስ ሰፊው በር ማስደገፊያ አድርጎታል። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ ያሰጣበታል። የሟች መምህር ሚስት ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች፤ «ቀይነቱ ከመጋረጃው አልሄደ ብሎኝ ነው» አለች። ጎረቤቷ ነርስ ደግሞ ከምድጃው በስተ ጀርባ ሰቅላዋለች። እትዬ በቅጠል አየችውና «ምድጃው ቢነድ በምን ዘለሽ ልታወርጂው ነው?» አለች፤ አዲሱን ከበሩ አጠገብ ሰቀለችላት። የእኔ አልጋዬ ሥር ነበር። አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ይበላኛል።

ሁሉም ግን በሳቅ አልተቀበላትም። ልብስ አጣቢዋ አሮጌውን አቅፋ በሯ ላይ ቆመች።

«ስትሸጪልኝ ምን ነበር ያልሽኝ? እንደ ወንድምሽ እመኚው አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እኔም አምኜ ልጆቼን በር ዘግቼባቸው ሥራ እሄድ ነበር። አሁን ደግሞ አይታመንም ትይኛለሽ። ይሄኛውንስ በምን አምነዋለሁ?»

እትዬ በቅጠል አዲሱን ከጋሪው አነሣች። «ያኔ አላውቅም ነበር። ሳውቅ መጣሁ። ከዚህ ሌላ የምልሽ የለኝም» አለች። ልብስ አጣቢዋ አዲሱን ተቀበለች፤ ግን ግቢ አላለቻትም።

ዳቦ ቤት ሲደርሱ ዳቦ ጋጋሪው ገና ሲያያት ሲሊንደሩን ከጥግ አንሥቶ አቀበላት። ቀለለባት።

«ይሄ ነገር ለእኔ አልሆነኝም፣ ውሰጂልኝ» አለ።

«ተጠቅመህበታል እንዴ?»

«አምና ዘይት ተያይዞብኝ ነበር። የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴ ላይ ነበር፤ ማገጃ ፒኑን ነቀልኩ፣ እጀታውን ጨመቅሁ፣ ወፍ የለም። ደጋግሜ ብጨምቀውም ያው ነው። በእርጥብ ጆንያ ደብድቤ አጠፋሁት። ዱቄቱ ከስንት ቀን በኋላ ነው በገዛ ፈቃዱ ወለሉ ላይ የተደፋው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አጠቃቀሙን ስታሳዪኝ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ያላወቅሁበት እኔ ነኝ ብዬ። መጥቼ መሳቂያ ልሁን?»

የዳቦ ጋጋሪው ግራ ቅንድብ ግማሹ የለም፤ ከአምና ወዲህ አልበቀለም።

«ቅንድብህን ምን ነካው ብዬህ ነበርኮ» አለች።

«ምላጭ ስቶኝ ነው አልኩሽ።»

«አዎ። ሳቅሁብህም።»

የዱቄት ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ምን እንደተባለ አልሰማም፤ ፊቷን አይቶ ግን ጋሪውን በር ላይ ትቶ ገባና አጠገቧ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ አምጥቶ ሰጣቸው። እሷ ይዛው ቀረች እንጂ አልቀመሰችውም።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የካፒቴንን ምትክ በሚስቱ በኩል ልትልክለት ነበር ያሰበችው። ከዳቦ ቤቱ ሲወጡ ግን የሆነውን ለባሏ ነግራው «የወንድምህን ራሴ እወስዳለሁ» አለችው። ሁለተኛ መናገር አላስፈለጋትም።

ካፒቴን የጀልባውን ወለል እየጠረገ ነበር። ጥቂት መንገደኞች መቆሚያው ላይ ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጋሪውን ሲያይ መጥረጊያውን ሳያስቀምጥ ቀና አለ።

«እሳት ማጥፊያህን ልቀይርልህ ነው የመጣሁት» አለችው። ምክንያቱን ሁሉ አስረዳችው።

«የእኔ ደህና ነው። መርፌው አረንጓዴ ላይ ነው።»

«የዳቦ ጋጋሪውም አረንጓዴ ላይ ነበር።»

«ስሚ እንግዲህ» አለና መጥረጊያውን ጣለ። «ያኔ ግዛ ብለሽ ጀልባዬን አሳገድሽ። ገዛሁ። አሁን ደግሞ ጣለው ትይኛለሽ። ነገ ጀልባህ ራሱ አይረባም ብለሽ ትመጫለሽ። እስቲ እንሞክረውና ይለይልን።»

«እንዳይሞከር ተብሏል። አፉ ቢፈናጠር ሰው ይጎዳል።»

ማን ይስማት። ሲሊንደሩን ነቅሎ ወርዶ ነበር። አሸዋው ላይ መረብ ጠጋኞች ቆሻሻ የሚያቃጥሉበት የተቆረጠ በርሜል አለ። ዘይት የነካው ጨርቅ ወረወረበትና ለኮሰው። ነበልባሉ ከፍ አለ። መንገደኛው ሁሉ ጓዙን ትቶ ተሰበሰበ። እትዬ በቅጠል እንደማታስቆመው ስታይ ሰዉን ወደ ኋላ ገፋች። የአዲሱን ሲሊንደር ፒን ነቅላ ከጀርባው ቆመች፤ ባሏ የአሸዋ ባልዲ ያዘ። «ፊትህን ዘወር አድርገው፣ ከደረትህም አርቀው» አለችው። ይሄን እንኳ ሰማ።

ጨመቀው።

ነጭ ዱቄት እንደ ጉም ወጣ፤ ነበልባሉ ባንዴ እልም አለ። አፉ አልተፈናጠረም፣ ምንም አልሆነም። መንገደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ካፒቴን እስኪያልቅ ጨምቆ ሲያበቃ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደተቀመጠ ወደ እሷ ዞረ።

«እህስ? የማይሠራው ይሄ ነው?»

እሷም አሁን መርፌውን አየችው። መርፌው ዜሮ ላይ ነው።

«ጎበዝ ዕቃ ነው» አለች። «አሁን ግን ባዶ ነው። በባዶ ሰው ልትጭን ነው ወይስ ትቀይራለህ?»

ሳቁ አቅጣጫውን ቀየረ። አንዲት መንገደኛ «እኔ በባዶ አልሳፈርም» አለች። ካፒቴን ሲሊንደሩን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ነቀነቀው፣ ከዚያ እሱም ሊስቅ ሲል ወንድሙ ተናገረ።

«ያንተ ስለሠራ ደስ ብሎኛል» አለ። ዝምተኛ ሰው ስለሆነ ሁሉም አዳመጠው። «የዳቦ ጋጋሪው አልሠራም። የትኛው እንደሚሠራ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። እኔ ያን ቀን አጠገቤ አንድ ቢኖር ኖሮ ጣቴ ይታጠፍ ነበር። እሷ አንተን ለመክሰስ አልነበረም የሄደችው። የእኔን እጅ በየቀኑ ስታጥብ ስለኖረች ነው።»

ካፒቴን ዱቄቱን ከፊቱ በእጅጌው ጠረገና «አምጡት እንግዲህ» አለ።

አዲሱን አሮጌው የነበረበት ቦታ፣ ከሞተሩ ጎን ሊሰቅል ሲል ወንድሙ አስቆመው። «ሞተሩ ሲነድ እዚያ እጅህን ትሰዳለህ? ከመሪው ሥር አድርገው።» መያዣውን ከመሪው ሥር ለማሰር ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ታላቅየው በግራ እጁ ብሎኑን ሊይዝ ሞከረ፤ አመለጠውና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ታናሽየው አንሥቶ እሱ ያዘው፤ ታላቅየው በቀኙ አጠበቀው። ሲጨርሱ ካፒቴን ያንን እጅ ትንሽ አየት አደረገና «ብርድ ሲሆን ያምሃል?» አለው። «ምን?» አለ ወንድሙ። ካፒቴን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት። «ጠዋት ጠዋት» አለ። መንገደኞቹ ተሳፈሩ፣ ጀልባው ሄደ።

እትዬ በቅጠል የተቀሩትን ጀልባዎች እየዞረች ጨረሰች። መኪናው መጥቶ አሮጌዎቹን ጭኖ ሄደ፤ ባዶውንም ከነታሪኩ መለሰችው። አንዳንዱ ሰው ከዚያ ወዲህ እሷን አምኖ ከሱቋ ገመድም አይገዛም፤ ልብስ አጣቢዋም ሰላምታዋ እንደ ቀዘቀዘ ነው። እሷም «እመኚው» የምትለውን ቃል ትታዋለች። በእሱ ፈንታ ወር በገባ ቁጥር እየዞረች መርፌውን እዩ፣ ፒኑን እዩ፣ አፉን ሸረሪት እንዳይዘጋው እዩ እያለች ታደክመናለች። ዳቦ ጋጋሪው ጋ ስትደርስ ግን አጠቃቀሙን ራሱ እንዲያሳያት ታደርገዋለች፤ እስከ መጨረሻው ሳትስቅ ትከታተለዋለች።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ሳይገኝ ቀርቶ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የነበረው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ የነበረ ነው፤ ጀልባው ወዲያ ማዶ ተሽጧል፣ ለማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይሄን ለካፒቴን የነገረው ማን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ በሚያወርድበት መቆሚያ ሁሉ እየጠየቀ ቆየ።

በቀደም በምሳ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ካፒቴን በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«የአረንጓዴው ጀልባ ነው። ጀልባውን ፈርሶ አገኘሁት። ይሄን ልጆች እንደ ኳስ ሲያንከባልሉት ነበር።»

እትዬ በቅጠል ጆንያውን ፈታች፣ ጥቁሩን እጀታ አየች።

«ፒኑ አልተነቀለም» አለች።

«አልተነቀለም፣ እትዬ። አይቼዋለሁ።»

ባሏ ከጓዳ ወጣ፣ ወንድሙን አየ፣ ተመልሶ ገብቶ ሌላ ወንበር አመጣ። ምሳ ቀርቦ ስለነበር ካፒቴን እጁን ታጥቦ ተቀመጠ።