ሰሎሜ የሌለችበት ሥዕል

የወጣሁባት ማታ ሠፈሩ መብራት አልነበረውም። ሻንጣዎቹን በሻማ ነው የዘጋናቸው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የበላይነሽ። በላይነሽ ባለቤቴ ናት። የሁለታችንም ቪዛ ወጥቷል፣ የሁለታችንም ትኬት ተቆርጧል፣ ልጃችን ሂሩት ቪየና ከሚባለው ከተማ አልጋ አንጥፋ ትጠብቀናለች። ጎረቤቱ ሊሸኘን ቤቱን ሞልቶታል። ማኪናው በር ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ሁሉም ብድግ አለ። በላይነሽ ብቻ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከወንበሯ አልተነሣችም።

«እኔ አልሄድም» አለች።

ሰዉ የስንብት ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። በላይነሽ ስትጮህ አታስፈራም፤ የምታስፈራው ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ነው።

«ቁስቋምን ሳልሳለም የዋልኩበት ቀን የለኝም። እዚያ አገር ማንን ልሳለም ነው?» አለች። «አንተ ሂድና እይ። እመቤቴ ያለችበት ቦታ ካገኘህ ንገረኝ፣ እመጣለሁ። ከሌለች አልመጣም። ደግሞ እኔን ለማምጣት ብለህ እንዳትዋሽ።»

ጎረቤቱ ለመናት። አንዷማ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወስዳ ማኪናው ላይ ጫነችው፤ በላይነሽ ወጥታ አወረደችው። እኔ አልለመንኳትም። ግትር ናት ይሏታል፣ እኔስ ከሷ መቼ አንሼ? እሄዳለሁ ብያለሁ፣ ሄድኩ። ማኪናው ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ዞር ብዬ ሳይ በጨለማው የታየኝ ነጭ ነጠላዋ ብቻ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለጉለሌ ሰዎች ነው፣ እንደኔ በስተርጅና ለሚሰደዱም ጭምር። ዕድሜዬን በሙሉ ግንበኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቢንጋደድ እለፉኝ።

ቪየና ኤርፖርት የወረቀት መርማሪው የሁለታችንን ስም አንድ ላይ አየና ሐበሻ አስተርጓሚ አስጠራ። ሚስትህ የት አለች አለኝ። ጉለሌ አልኩት። ለምን አልመጣችም አለ። «እሷን ጠይቃት፤ እኔ ጠይቄ የሰማሁት አልጠቀመኝም» አልኩ። አስተርጓሚው ልጅ እየሳቀ ተረጎመለት። መርማሪው አልሳቀም፣ ግን ማኅተሙን መታልኝ። ከዚያ የሷ ቪዛ ቀን እንዳለው፣ የገና በዓል ሳይደርስ እንደሚያበቃ አስጠነቀቀኝ። ቀኑ ካለፈ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። በኛ ዕድሜ ደግሞ እንደገና የሚባል ነገር የለም። ወይ እሷ ትመጣለች፣ ወይ እኔ እመለሳለሁ፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አገሩ ክፉ አይደለም። ብርዱ ሐምሌን እንጦጦ አናት ላይ እንደ ማደር ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ግድግዳው ራሱ ይሞቃል። ውኃ አይጠፋም። ዳቦው ድንጋይ ነው፤ ይህን የምለው እኔ ድንጋይ ጠርቤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያስቸገረኝ ዝምታው ነው። ሊፍት ውስጥ አንድ ሰው አብሮህ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ እንደ አገሬ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው እላለሁ፣ በአማርኛ። አንዳንዱ ፈገግ ይላል፤ አንዳንዱ ስልኩን ያወጣል።

ከአከራይዋ ጋር የተጣላነው በጫማ ነው። ማታ ስገባ ጫማዬን አውልቄ ከበሩ ውጭ አስቀምጣለሁ፣ ሰው ቤት እንደሚደረገው። ሴትዮዋ ሂሩትን ጠርታ ኮሪደር የጫማ ቦታ አይደለም፣ እሳት ቢነሣ ሰው ይጠልፋል አለች። «ከኛ በር ወዲያ ግድግዳ ነው፤ ወደዚያ የሚሮጥ ማነው?» በያት አልኳት። ሂሩት ግን የተረጎመችላት «ይቅርታ» ብላ ብቻ ይመስለኛል። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ወረደች፣ ጫማዬም ገባ።

ከበላይነሽ ጋር በስልክ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ነው። አገኘህ ትለኛለች። የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እሑድ እሑድ የካቶሊኮችን አዳራሽ እየተከራዩ ይቀድሳሉ፣ በባቡር ነው የሚኬደው አልኳት።

«እመቤቴ ተከራይ ሆነች?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሰኞስ የት ትውላለች?»

መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም። እንዲህ እየተባባልን ጽጌ ገባ፤ እሷ እዚያ የጽጌን ጾም ይዛ ማኅሌት ትቆማለች፣ እኔ እዚህ በመስኮት ትራም እቆጥራለሁ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ሂሩት ከሥራዋ ሁለት ትኬት ይዛ መጣች። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ በሽተኛ ታጥባለች፣ ታነሣለች። ትኬቱ የከተማው ትልቁ የሥዕል ሙዚየም ማታ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሰው ብቻ የሚያስጎበኝበት ነው። ከዓለም ዙሪያ እየመጡ የሚያዩት ነው አለችኝ። በዚህ ብርድ ሥዕል ለማየት አልወጣም አልኳት። «አባባ፣ ከመጡ ጀምሮ ያዩት ሱቅና ባቡር ነው። ከሥራ የማርፍባት አንድ ማታ ይህችው ናት» አለች። ፊቷ ደክሟል። ጋቢዬን ለበስኩ።

ሙዚየሙ ቤተ መንግሥት ነው። ግንበኛ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያየሁት ደረጃውን ነው፤ እብነ በረድ፣ መጋጠሚያው ምላጭ አያስገባም። ደስ አለኝ። መግቢያው ላይ ግን የልብስ ጠባቂው እጁን ዘረጋና ጋቢዬን ጠየቀ።

«ካፖርት እዚህ ይቀራል» አለ፣ ሂሩት እንደተረጎመችው።

«ካፖርት አይደለም፣ ጋቢ ነው።»

«ብርድ ልብስ ነው?»

«ሌሊት፣ አዎ። አሁን ግን ልብስ ነው።»

ሰውዬው አለቃውን ጠራ። አለቃው መጥቶ ዳሰሰው፣ ጥጡን ወደደው መሰለኝ። ተመካከሩ። ሕጉ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ ከለበስከው ይገባል፣ በክንድህ ከያዝከው አይገባም። እኔም እስከ አገጬ ተከናነብኩ።

የምንጎበኘው ሰዎች ከአንድ ሚኒባስ ሰው አንበልጥም። አስጎብኚያችን ሽበት ጣል ያደረገባት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ናት። እሷ በእንግሊዝኛ ታወራለች፣ ሂሩት በጆሮዬ ትነግረኛለች። አዳራሹ ባዶ፣ የኛ ኮቴ ብቻ ይሰማል። መጀመሪያ ያሳዩን ራቁት ሰዎች ናቸው። ግድግዳው ሙሉ! ሴቱም ወንዱም፣ ዙሪያቸውን በወርቅ ክፈፍ የተያዙ።

«ለክፈፉ ይኼን ሁሉ ወርቅ ሲያወጡ ለልብሱ አጡ?» አልኳት ሂሩትን። ቀስ ይበሉ ብላ ጎሸመችኝ። ከኋላችን ያለው ሽማግሌ ፈረንጅ ምን አለ ብሎ ጠየቃት፤ ስትነግረው እሱም ሚስቱን ጎሸመ። ከዚያ በኋላ በየሥዕሉ እየዞረ እኔን ያያል።

ብዙ ክፍል አለፍን። እግሬ ደክሞ ወንበር ወንበር ስል ወደ አንድ ጠበብ ያለ ክፍል ገባን። አስጎብኚዋ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ሥዕል አልፋ ጥግ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ሥዕል ፊት ቆመች።

አህያ አየሁ። አህያዋ ላይ ሴት ተቀምጣለች፣ ሰማያዊ ተከናንባ፣ ሕፃን ታቅፋለች። ከፊት አንድ ሽማግሌ በትር ይዞ፣ ጓዝ በጀርባው አዝሎ፣ ጎንበስ ብሎ ይመራል። ከኋላቸው እየመሸ ነው።

ማንም አልነገረኝም፣ ማንም አልተረጎመልኝም። ቁስቋም ነው። እመቤታችን ሄሮድስን ሸሽታ፣ ልጇን ይዛ፣ ግብፅ ገብታ ያረፈችበት ቦታ ቁስቋም ይባላል፤ የሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ወሩም ራሱ ጽጌ ነው፣ የስደቷ ወር። እዚህ ጥግ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ከርማለች!

አላሰብኩትም። ወደ በሩ ተመለስኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ከደፉ ውጭ አስቀመጥኩ፣ መጥቼ ተንበርክኬ መሬቱን ተሳለምኩ። ቀና ስል አንድ ወፍራም ጥበቃ እየሮጠ መጣ። ወድቄ መስሎታል። ቀጥሎ ጫማዬን አየና ግራ ገባው።

«ሹሄ፣ ቢተ» አለኝ። ጫማህን፣ እባክህ ማለቱ ነው፤ ይህችን ከአከራይዋ ተምሬያታለሁ።

«አላደርግም በይው» አልኳት ሂሩትን።

ሂሩት ፊቷ ቀላ። «አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ።»

«እሷ ያለችበት ቦታ ጫማ አላደርግም።»

ሂሩት ሥዕሉን ቀና ብላ አየችው፣ እንደገና አየችው፣ ዓይኗ ሞላ። በልጅነቷ በናቷ ጀርባ ታዝላ ቁስቋም የወጣች ልጅ ናት። ወደ ጥበቃው ዞራ በጀርመንኛ ብዙ ተናገረች፤ መስማት የቻልኩት አዲስ አበባና ማሪያ የሚለውን ነው። አስጎብኚዋም ገባችበት። ጥበቃው ራሱን አከከ። ሕጉ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ በካልሲ መቆም ይቻላል፣ ገመዱን ማለፍ አይቻልም፣ ወለሉን መሳለም አንድ ጊዜ ይበቃል።

አስጎብኚዋ ለሰዎቹ ታሪኩን አስረዳች። ሥዕሉ ስንት መቶ ዓመት እንደሆነው፣ ሠዓሊው ብርሃኑን እንዴት እንዳመጣው። ስትጨርስ ጥያቄ ያለው አለች። እጄን አነሣሁ።

«ሰሎሜስ የት አለች?»

ሂሩት ስትተረጉም አስጎብኚዋ ደስ ብሏት ወደ ሌላ ክፍል ጠቆመች። ለካ እነሱ ሰሎሜ የሚሉት ዘፍና የዮሐንስን ራስ ያስቆረጠችውን ነው። ያቺ ሌላ፣ ይቺ ሌላ አልኳት። ይቺ በስደት ከእመቤታችን ያልተለየች፣ ሕፃኑን በየተራ ያዘለች፣ ጓዝ የተሸከመች ናት። በኛ ሥዕል ሁሉ አለች።

ሴትዮዋ አልሳቀችብኝም። ጠጋ ብላ ሥዕሉን መረመረች። «በኛ አገር አልተለመደችም፣ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚሣሉት» አለች።

«ታዲያ ጓዙን ማን ያግዘዋል?»

ወደ ሽማግሌው ጀርባ ጠቆመች። «ብቻውን ነው» አለች።

የለችም አይባልም ብዬ ተከራከርኩ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ቀርታ ትሆናለች፣ ከክፈፉ ውጭ ትሆናለች አልኩ። አስጎብኚዋ ይሆናል አለች። ሰዎቹን ይዛ ወደሚቀጥለው ክፍል ስትሄድ ለጥበቃው በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ትንሽ ተወው ማለቷ ነው። እኔና ሂሩት ብቻችንን ቆየን። ጥበቃው ጫማዬን ሰው እንዳይጠልፍ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ አጠገቡ ቆመ።

በማግሥቱ ጠዋት በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስበትን ሰዓት ጠብቄ ደወልኩ። ታክሲው፣ ረዳቱ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ሁሉም በስልኩ ውስጥ ይንጫጫል።

«አገኘኋት» አልኩ።

«የት?»

እንዳልዋሽ ነው የተባልኩት። ቤተ ክርስቲያን አይደለም አልኳት። የሥዕል ቤት ነው፤ ዕጣን የለውም፣ ካህን የለውም፣ ለመግባት ይከፈላል፣ ፊት ለፊቷ ገመድ አለ። ግን ቁስቋም ናት፤ አህያዋ ላይ ናት፣ በጉዞ ላይ ናት። ጫማዬን አውልቄ ተሳልሜልሻለሁ አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። እንደ መርማሪ አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር። ምን ለብሳለች? ሰማያዊ። ሕፃኑስ? ተኝቷል። ዮሴፍስ?

«አርጅቷል። ጓዙን ራሱ ተሸክሟል።»

«ሰሎሜስ?»

«ሰሎሜ የለችም።»

«እንዴት የለችም?»

«አልሣሏትም። ጠየቅሁ፣ የለችም አሉኝ።»

ረዳቱ ሽሮ ሜዳ ሽሮ ሜዳ ሲል ብቻ ይሰማኛል። ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔ በዚያ ድምፅ ደነገጥኩ፤ አልሄድም ያለችበት ድምፅ ነው። «ያን ሁሉ መንገድ ሽማግሌውን ብቻውን አሸክመውት?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«የቁስቋምን በዓል፣ ኅዳር ስድስትን፣ ሳላነግሥ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች።

«ማን ተነቃነቂ አለሽ።»

«ብርዱ እንዴት ነው?»

«ይከብዳል። ቤቱ ግን ይሞቃል።»

እመጣለሁ አላለችም። ቪዛውን አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ሻንጣዋ እስካሁን አልጋው ሥር እንዳለ ግን ጎረቤት ነግሮኛል፣ አልፈታችውም። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ትዝ ብሏት ተመለሰች።

«እዚያ ሥዕሉ ቤት» አለች፣ «ጋቢ ያስገባሉ?»

«ከለበስሽው ያስገባሉ። በክንድሽ ከያዝሽው ግን አይሆንም።»

«እለብሰዋለኋ» ብላ ዘጋችው።