ተቀባይ ያጣ ዜማ

የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ድምፅ ጠላታቸው እንኳ አያማውም ነበር። ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ የዜማ መምህራን ወደሚመረቁበት ደብር ወደ ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ አስመስክረው ወደ ስማዳ ሲመለሱ የመንደሩ ሰው ደብራችን ልደታ እንዲህ ያለ አገልጋይ አገኘች ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ። ምስጋናው ብዙ አልቆየለትም።

በማኅሌት አንዱ ይመራል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። መሪው ዜማውን የሚያነሣው ተቀባዩ በሚደርስበት ልክ ነው። መሪጌታ ግን ሽቅብ ይወጡና ማንም የማይደርስበት ላይ ይሆናሉ። ሊከተል የሞከረው ደብተራ ሁሉ ድምፁ ሲሰበር ፈገግ ብለው ብቻቸውን ይጨርሱታል። መቋሚያ የያዘው ሁሉ እንደ አጥር እንጨት ተገትሮ ይቀራል። እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝን እንደሚያመጣ ማን በነገራቸው!

ነገሩስ የነገራቸው አልጠፋም። ሽማግሌው ቄስ ገብረ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ ለብቻቸው ጠርተው፣ «መሪጌታ፣ ጸጋ ለጉባኤው ነው የሚሰጠው፤ ለባለጸጋው አይደለም። ትንሽ ዝቅ አድርገው ቢመሩ ምናለ?» አሏቸው።

«አባ፣ ያልቻለ ዝም ይበል» አሉ መሪጌታ።

አንድ የቻለ ግን ነበር፤ ተክለሃይማኖት የሚባል ደቀ መዝሙራቸው። በአንድ ክብረ በዓል እሳቸው የወጡበት ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። መሪጌታ ቅናት አንገበገባቸውና በሕዝብ ፊት፣ «አንተ ዝም በል! ድምፅህ ከብት ያስደነብራል» አሉት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም። ልጁ መቋሚያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ፤ ወደ እስቴ ተሻግሮም ቀረ። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተበተኑ።

አንድ ክረምት መሪጌታን ጉሮሯቸውን ያዛቸው። ጠበል ተጠመቁ፣ ፌጦ በማር ዋጡ፤ ድምፃቸው ሰልሎ ቀረ። በኅዳር ጽዮን ለመምራት ቢቆሙ የወጣው ሲርታ ብቻ ሆነ። ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ፤ የሚያነሣላቸው ሰው የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ሕዝቡ ያለ ማኅሌት አስቀድሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ገባ። መሪጌታ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልነበራቸውም።

የግንቦት ልደታ ስትቃረብ ምርኩዛቸውን ይዘው እስቴ ተሻገሩ። ተክለሃይማኖትን ያገኙት የገብስ ማሳውን ሲያርስ ነው። በሬዎቹን አቁሞ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ልጄ፣ በደልኩህ» አሉት በሹክሹክታ። «ተመለስና ምራ። እኔ እቀበልሃለሁ።»

«የኔታ፣ ዝም በል አሉኝ፤ ዝም አልኩ» አለ። በድምፁ ቂም አልነበረበትም፤ የመሪጌታን አንጀት የቆረጠውም ይኼ ነው። «እስቲ ልሞክረው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። መነሻው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ወዲያው ግን ተሳከረበት። ተመልሶ ጀመረ፤ እዚያው ላይ ጠፋበት።

«ከዚህ ወዲያ አላገኘውም። መጽሐፉ ቢኖርም ከአፍ ካልሰሙት አይሆንም። ያስታውሱኝ፣ የኔታ።»

መሪጌታ ሁሉንም ያውቁታል፤ አንድ የዜማ ምልክት እንኳ አልጠፋባቸውም። አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩ፤ እንባቸው ቀደማቸው።

ተክለሃይማኖት ብዙ ጠበቃቸው። ከዚያ እጅ ነሥቶ ወደ እርፉ ተመለሰ።